ውክልና ሰጠን እንጂ ሀገር አልሸጥንም

(የፓርቲያችን ዋና ጸሐፊ ለየጥኖራ፣ ለቢቸናና ለሞጣ ከተማ መራጮች ያደረጉት ንግግር ሙሉ ቃል)




ከሁሉ አስቀድሜ ሥራችሁን ጥላችሁ፣ ሱቃችሁን ዘግታችሁ ይህን ንግግር ለመስማት ስለተሰበሰባችሁ በፓርቲያችን ስም ከልብ አመሰግናለሁ። ዛሬ በፊታችሁ የቆምሁት የተስፋ ዝርዝር ላነብላችሁ አይደለም። መንገድ እንሠራለን፣ ውኃ እናመጣለን፣ ለወጣቱ ሥራ እንፈጥራለን የሚለውን ከየፓርቲው ስትሰሙ ኖራችኋል። የእኛንም ዕቅድ በዚህ ማኒፌስቶ በሌላው ክፍል ታነቡታላችሁ። እኔ የማነሣው ጥያቄ ከዚያ ሁሉ የሚቀድም ነው። ይኸውም፦ ቃል የገባላችሁ ሰው ቃሉን ቢያጥፍ ምን ታደርጉታላችሁ? የሚል ነው።

ለዚህ ጥያቄ ከአባቶቻችን የወረስነውን መልስ ሁላችንም እናውቀዋለን። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ይላል። በዘመኑ ይህ አባባል ተረት ብቻ ሳይሆን ሕግም ነበር። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 4 የንጉሠ ነገሥቱ ሰውነት ቅዱስ፣ ክብሩ የማይደፈር፣ ሥልጣኑም የማይነካ መሆኑን ደንግጎ ነበር። ንጉሡ ከዙፋን ከወረዱ ከ50 ዓመት በላይ ሆኗል። አባባሉ ግን ከልባችን አልወረደም። ዛሬም ብዙዎቻችን የምንፈራው ንጉሥ ባይኖር እንኳ የወረዳውን ኃላፊ፣ የማዘጋጃ ቤቱን ሹም፣ አንዳንዴም የቀበሌውን ሊቀ መንበር እንደ ሰማይ አርቀን እናያለን። ይህ አስተሳሰብ ካልተለወጠ የመንግሥት መለዋወጥ ብቻውን የሚያመጣልን ነገር አይኖርም።

ውክልና ምንድን ነው?

የሕግ ሰው ነኝና በምታውቁት የሕግ ምሳሌ ልጀምር። ከእናንተ መካከል ውክልና ሰጥቶ ወይም ተቀብሎ የማያውቅ ጥቂት ነው። ልጇ ዐረብ አገር የሄደች እናት ለወንድሟ ውክልና ትሰጣለች፤ አዲስ አበባ የሚኖር ነጋዴ ቢቸና ያለውን ቤቱን እንዲያከራይለት ለዘመዱ ውክልና ይሰጣል። ውክልና የተሰጠው ሰው ቤቱን ያከራያል፣ ግብሩን ይከፍላል፣ ፍርድ ቤት ይቆማል። ነገር ግን ቤቱ የእርሱ አይሆንም።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ስለዚህ ጉዳይ የተናገረው ግልጽ ነው። በቁጥር 2213 መሠረት ተወካይ፣ ወካዩ በጠየቀው ጊዜ ሁሉ ስለ ሥራው ሒሳብ የማቅረብ ግዴታ አለበት። በቁጥር 2226 ደግሞ ወካዩ በፈለገ ጊዜ ውክልናውን መሻር ይችላል። እንግዲህ ለአንድ ቤት ኪራይ ሕጉ ይህን ያህል ከተጠነቀቀ፣ ለሀገር አስተዳደር የሚሰጠው ውክልና ከዚህ ያነሰ ጥንቃቄ ሊደረግበት ይገባልን?

የፓርላማ አባላትን «የሕዝብ ተወካዮች» የምንላቸው በከንቱ አይደለም። በኅዳር 1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 8 የበላይ ሥልጣን የሕዝብ መሆኑን ይገልጻል። በአንቀጽ 12 ደግሞ ሦስት ነገሮችን በተከታታይ ያስቀምጣል፦ የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ በሆነ መንገድ መከናወን አለበት፤ ማንኛውም ኃላፊና የሕዝብ ተመራጭ ኃላፊነቱን ሲያጓድል ተጠያቂ ይሆናል፤ ሕዝብ በመረጠው ተወካይ ላይ እምነት ባጣ ጊዜ ከቦታው ሊያነሣው ይችላል። አንቀጽ 54 ንኡስ አንቀጽ 7 ይህንኑ ለፓርላማ አባላት ደግሞ ይናገራል። ይህ ሕገ መንግሥት ብዙ የሚያከራክሩ ክፍሎች አሉት፤ ፓርቲያችንም መሻሻል አለባቸው የሚላቸው አንቀጾች አሉ። አንቀጽ 12ን ግን የሚቃወም ሰው አላገኘሁም። ችግሩ የሚሠራበት ሰው መጥፋቱ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ልዩነት እንዳለ መደበቅ አልፈልግም። የፓርላማ አባል የወከለው የአንድ ከተማ ሰው ብቻ አይደለም፤ ሕገ መንግሥቱ ለመላው ሕዝብ፣ ለሕገ መንግሥቱና ለኅሊናው እንዲገዛ ያዝዘዋል። ስለዚህ የሞጣ ተመራጭ የሞጣን ጥቅም ብቻ እያሰበ ሌላውን ይበድል ማለቴ አይደለም። ነገር ግን ኅሊናዬ እንዲህ አለኝ የሚል ሰው ቢያንስ መጥቶ «ኅሊናዬ እንዲህ ያለኝ በዚህ ምክንያት ነው» ብሎ ለመራጩ ማስረዳት ይኖርበታል።

የፖለቲካ ሊቃውንት ይህን ግንኙነት ማኅበራዊ ውል ይሉታል። እንግሊዛዊው ጆን ሎክ ከ300 ዓመት በፊት፣ ከእርሱም በኋላ ዣን ዣክ ሩሶ በ1762 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ፣ የመንግሥት ሥልጣን ከሕዝብ ስምምነት የሚመነጭ መሆኑን አስተምረዋል። ሎክ አንድ እርምጃ ጨምሮ፣ መንግሥት የተሰጠውን አደራ ከበላ ሥልጣኑ ወደ ሰጪው ይመለሳል ብሏል። ይሁን እንጂ ይህን ለመረዳት የፈረንጅ መጽሐፍ ማገላበጥ አያስፈልገንም። ዕድራችንን ማየት ይበቃል። ዕድር ደንብ አለው፣ ሰብሳቢ አለው፣ ገንዘብ ያዥ አለው። አባሉ በየወሩ ይከፍላል፤ ሒሳብ ሲቀርብ አንዲት መበለት ተነሥታ «ባለፈው ለድንኳን ተገዛ የተባለው ብር የታል?» ብትል ገንዘብ ያዡ ደረሰኝ ፈልጎ ያሳያል እንጂ «አንቺ ማነሽ?» አይላትም። ይህች እናት በዕድሯ ውስጥ ዜጋ ናት። ከዕድሩ ወጥታ ወደ ወረዳው ጽሕፈት ቤት ስትሄድ ግን ዜግነቷን በር ላይ አስቀምጣ፣ ለማኝ ሆና ትገባለች። መለወጥ ያለበት ይህ ነው።

ስሕተቱ የእኔም ነው

ሌላውን ከመውቀሴ በፊት ራሴን ልውቀስ። ሕግ ተምሬ በተመረቅሁ ጊዜ ውል ምን እንደሆነ ለሌላው የማስረዳ ሰው ነበርሁ። በ1992 ዓ.ም. ምርጫ ተሰልፌ ድምፄን ሰጠሁ። ከዚያ በኋላ በነበሩት 5 ዓመታት የመረጥሁትን ሰው አንድ ጊዜ እንኳ አግኝቼ አልጠየቅሁትም፤ ደብዳቤም አልጻፍሁለትም፤ በየትኛው ሕግ ላይ እጁን እንዳወጣ አላጣራሁም። በቡና ሰዓት ግን መንግሥትን ሳማ እውል ነበር። ውክልና ሰጥቶ ዘወር ያለ ወካይ ቤቱ ሲፈርስ ቢያገኘው ጥፋቱ የተወካዩ ብቻ ነውን? ይህን የምናገረው ብዙዎቻችሁም በልባችሁ «እኔም እንዲሁ ነኝ» እንደምትሉ ስለማውቅ ነው።

ይህ ምድር የሚመሰክረው

ወደዚህ አካባቢ ታሪክ ልመለስ። በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ምሥራቅ ጎጃም ሦስት ጊዜ ታላቅ ውሳኔ ተወስኖበታል። ሦስቱም ጊዜ ሕዝቡ አስቀድሞ አልተጠየቀም።

የመጀመሪያው በ1960 ዓ.ም. የሆነው ነው። በዚያ ዓመት የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር አዋጅ ወጣ። ሕጉ በወረቀት ላይ ሲታይ ፍትሐዊ ይመስል ነበር፤ ግብሩ በገቢ መጠን የሚከፈል ነበርና። ሕጉንም ያጸደቀው ፓርላማ ነው። ግን ምን ዓይነት ፓርላማ? የፖለቲካ ፓርቲ በሌለበት፣ ንብረት የሌለው ሰው ለሕግ መምሪያ ምክር ቤት መወዳደር በማይችልበት ሥርዓት የተመረጠ ፓርላማ ነበር። የጎጃም ገበሬ መሬቱ ሲለካ ርስቱ እንደሚነጠቅ ከጥንት ጀምሮ ይሰጋ ነበር። በጠቅላይ ገዥው በደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ አስተዳደር ቅሬታው ከፍ ያለ ስለነበር፣ ገማቾች በታጠቀ ኃይል ታጅበው ሲመጡ ስጋቱ ቁጣ ሆነ።

ገበሬው መጀመሪያ አቤት አለ። ሽማግሌ መርጦ እስከ አዲስ አበባ ላከ። የሚሰማው ሲያጣ በሞጣ፣ በዳሞትና በቢቸና ጠመንጃውን አነሣ። መንግሥት ጦር አዘመተ፤ አውሮፕላን ልኮም መንደር ደበደበ። በመጨረሻም ጠቅላይ ገዥው ተነሡ፣ አዲሱ ግብር በጎጃም ሳይሰበሰብ ቀረ፣ የብዙ ዓመት ውዝፍ ግብርም በንጉሠ ነገሥቱ ተማረ።

እንግዲህ አባቶቻችን አሸነፉ እንላለን። እውነት ነው፣ ግብሩን አስቀርተዋል። ነገር ግን እንደ ሕግ ሰው አንድ ጥያቄ ልጠይቅ፦ መንደር በቦምብ እንዲደበደብ ያዘዘው ሰው በማን ፊት ቀርቦ ተጠየቀ? የትኛው ሕግ ተሻሻለ? ከዚያ በኋላ ገበሬው ግብር ሲጣልበት አስቀድሞ የሚጠየቅበት ምን ሥርዓት ተተከለ? አንዳችም የለም። መንግሥት አፈገፈገ፤ ነገር ግን ተጠያቂ አልሆነም። ወገኖቼ፣ ይህን ልዩነት አጥብቃችሁ እንድትይዙልኝ እለምናለሁ። ጠመንጃ መንግሥትን ሊያስፈገፍገው ይችላል፤ ሒሳብ ሊያስቀርበው ግን አይችልም። ያፈገፈገ መንግሥት ኃይል ሲያገኝ ተመልሶ ይመጣል።

ሁለተኛው ምስክር ይህችው የጥኖራ ናት። በደርግ ዘመን የየጥኖራ የአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበር ለሌላው አርአያ ሆኖ የሚታይ ነበር። ከእናንተ መካከል ዕድሜያችሁ የደረሰ መልባ፣ ወልባ፣ ወላንድ የተባሉትን ደረጃዎች፣ በሥራ ነጥብ የሚከፋፈለውን እህልና የእርሻ ሰብል ገበያ ኮርፖሬሽን በቁርጥ ዋጋ የሚወስደውን ኮታ ታስታውሳላችሁ። አባልነቱ በፈቃደኝነት ነው ይባል ነበር። በጥር 1979 ዓ.ም. ሕዝቡ ተሰልፎ ለሕገ መንግሥት ድምፅ ሰጠ፤ በዚያው ዓመት ለብሔራዊ ሸንጎ ተወካዮች መረጠ። ሥልጣን የሠርቶ አደሩ ሕዝብ ነው ተብሎ ተጻፈ። ምርጫ ነበረ፤ የሚመረጥ አማራጭ ግን አልነበረም።

በ1982 ዓ.ም. መንግሥት የቅይጥ ኢኮኖሚ ፖሊሲ ሲያውጅ፣ አባላት ከፈለጉ ማኅበራቱን ማፍረስ እንደሚችሉ ተነገረ። በመላ አገሪቱ አብዛኞቹ የአምራቾች ማኅበራት ሳይውሉ ሳያድሩ ፈረሱ። ገበሬው ያን ጊዜ የሰጠው ድምፅ ለ10 ዓመት በልቡ የያዘው ድምፅ ነበር። ያን ድምፅ አስቀድሞ ቢጠየቅ ኖሮ የስንት ዓመት ልፋት በተረፈ! ላለፈው ጥፋት ግን አሁንም «ይህን ያደረግነው ስለዚህ ነው፣ ተሳስተናል» ብሎ ለገበሬው የመለሰለት ባለሥልጣን አልነበረም። ከ1 ዓመት ጥቂት በኋላ መንግሥቱ ራሱ ወደቀ።

ሦስተኛው በ1989 ዓ.ም. የተደረገው የመሬት ሽግሽግ ነው። መሬት አልባ የነበሩ ወጣቶችና ሴቶች በዚያ ድልድል መሬት ማግኘታቸውን አንክድም፤ የሚገባቸውም ነበር። ነገር ግን በደርግ ዘመን በገበሬ ማኅበር አመራር ውስጥ የነበረ ሁሉ «ቢሮክራሲ»፣ ከዚያ በፊት የነበረው ደግሞ «የፊውዳል ርዝራዥ» የሚል ስም ተለጥፎበት፣ ሌላው ገበሬ እስከ 3 ሄክታር ሲፈቀድለት እርሱ ከ1 ሄክታር በላይ እንዳይዝ ተወሰነበት። ገበሬዎች አቤት ለማለት አዲስ አበባ ድረስ ሄዱ። በመጋቢት ወር የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች እነርሱን ደግፈው ሰልፍ ሲወጡ በፖሊስ ተበተኑ፤ የታሰሩም ነበሩ። አስተውሉ፤ ይህ የሆነው ተጠያቂነትን የሚደነግገው ሕገ መንግሥት ሥራ ላይ ከዋለ 2 ዓመት እንኳ ሳይሞላው ነው።

የአገራችን ሰው «በፍርድ ከሄደችው በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደችው ጭብጦዬ ታሳዝነኛለች» ይላል። በ1989 ዓ.ም. ብዙዎችን ያቆሰለው የመሬቱ ማነስ ብቻ አልነበረም። «ጥፋቴ ምንድን ነው? የት ቀርቤ ልከራከር?» ብሎ የሚጠይቅበት ቦታ ማጣቱ ነበር።

ሳጥኑ ሲዘጋ

ከሦስቱ ታሪኮች የሚወጣው ትምህርት አንድ ነው፤ ሕዝብ በሕግ የሚጠይቅበት በር ሲዘጋ ጥያቄው አይሞትም፣ ሌላ በር ይፈልጋል። ይህንንም በቅርቡ አይተነዋል። የ1997 ዓ.ም. ምርጫ ብዙ ሕዝብ ተስፋ ያደረገበት ምርጫ ነበር፤ በኋላ ግን ደም ፈሰሰበት። በ2007 ዓ.ም. ምርጫ ገዥው ግንባርና አጋሮቹ 547ቱን የፓርላማ መቀመጫዎች በሙሉ ያዙ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 55 ፓርላማው ጠቅላይ ሚኒስትሩንና ሌሎች ባለሥልጣናትን ጠርቶ እንዲጠይቅ ሥልጣን ይሰጠዋል። ሁሉም የአንድ ወገን ሰዎች በሆኑበት አዳራሽ ማን ማንን ይጠይቃል? ጥያቄው ከአዳራሹ ወጥቶ ወደ ጎዳና ሄደ። 1 ዓመት ከጥቂት ወራት ሳይቆይ፣ ነሐሴ 1 ቀን 2008 ዓ.ም. በባሕር ዳር ሰልፈኞች ተገደሉ። በየካቲት 2010 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሥልጣን ለመልቀቅ ጠየቁ። 547 መቀመጫ መንግሥትን ከውድቀት አላዳነውም።

በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልላችን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ወዲህ ያየነውን ሞት፣ የተዘጋ ትምህርት ቤትና የተቋረጠ መንገድ እኔ ለእናንተ መንገር አይገባኝም። ያዘናችሁት እናንተ ናችሁ። አንዳንዱ ወገናችን ድምፅ መስጠት ከንቱ ነው ብሎ ቤቱ ተቀምጧል። አንዳንዱ ከጠመንጃ በቀር መፍትሔ የለም ብሏል። ንዴታቸውን እረዳለሁ፤ ከምክንያት የተነሣ ነውና። ነገር ግን በ1960 ዓ.ም. የሆነውን አንርሳ። የምንፈልገው የሚያፈገፍግ መንግሥት ብቻ አይደለም፤ የሚመልስ መንግሥት ነው። መላሽ መንግሥት የሚገኘው ደግሞ ሰላማዊ ጠያቂ ሲኖር ብቻ ነው። መንግሥትም ጥያቄ ይዞ የመጣን ሰላማዊ ሰው ባሰረና በደበደበ ቁጥር ጫካውን እያበዛ መሆኑን ሊያውቀው ይገባል።

ከተሜው ከፋይ ነው

የከተማ ሰው አንዳንዴ «ይህ የገበሬ ጉዳይ ነው፤ እኔ መሬት የለኝም» ይላል። እስቲ ኪሳችሁን ተመልከቱ። ሳሙናና ስኳር ስትገዙ፣ የእጅ ስልክ ስትገዙ በዋጋው ውስጥ 15 በመቶ የተጨማሪ እሴት ታክስ አለ። ደመወዝተኛው ገና ደመወዙ እጁ ሳይገባ ግብሩ ይቆረጣል። ነጋዴው የንግድ ፈቃዱን ለማሳደስ ግብሩን አጠናቆ መቅረብ አለበት። በጥር 2017 ዓ.ም. ደግሞ ፓርላማው የንብረት ታክስ አዋጅ አጽድቋል፤ ይህም በቀጥታ የከተማ ቤትና ይዞታ ያለውን ሰው የሚመለከት ነው። እንግዲህ ሥራ አጥ የሆነው ወጣት እንኳ የሞባይል ካርድ በሞላ ቁጥር ለመንግሥት ይከፍላል።

ግብር መክፈል ውርደት አይደለም። ግብር ባይኖር ሐኪም ቤትም፣ ትምህርት ቤትም፣ ፍርድ ቤትም የለም። ነገር ግን ግብር ውል ነው። አሜሪካውያን በ18ኛው መቶ ዓመት በእንግሊዝ ንጉሥ ላይ የተነሡት ያልተወከልንበት ፓርላማ ግብር ሊጥልብን አይገባም ብለው ነው። ከሱቅ የምትቀበሉት ደረሰኝ እጃችሁ ላይ የቀረ የማኅበራዊ ውል ቅጂ ነው። ሰነዱን የያዘ ሰው የመጠየቅ መብት አለው።

የድሃ ሰው ጥያቄ ምን ሊያመጣ ይችላል? ለምትሉ አንድ ምሳሌ ከህንድ ላቅርብ። ራጃስታን በተባለው ደረቅ ክፍለ ሀገር የቀን ሠራተኛ የሆኑ መንደርተኞች፣ በእኛ አቆጣጠር በ1980ዎቹ መጨረሻ፣ በመንግሥት ሥራ የተከፈለበት የደመወዝ ዝርዝር እንዲታያቸው ጠየቁ። ሰነዱን አግኝተው በአደባባይ፣ በሕዝብ ፊት ማንበብ ጀመሩ። ዝርዝሩ ሲነበብ የሞቱ ሰዎች ስም ደመወዝ እንደተቀበለ ተጽፎ ተገኘ፤ ተሠራ የተባለው ሥራም ሳይሠራ ተገኘ። ከዚያ የተነሣው እንቅስቃሴ አድጎ በ1997 ዓ.ም. የአገሪቱ ፓርላማ ለማንኛውም ዜጋ መረጃ የማግኘት መብት የሚሰጥ ሕግ አወጣ። እነዚያ ሰዎች ብዙዎቹ ማንበብ እንኳ የማይችሉ ነበሩ፤ መጠየቅ ግን ይችሉ ነበር።

እኛም ሕጉ አለን። የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 ማንኛውም ሰው ከመንግሥት መሥሪያ ቤት መረጃ እንዲጠይቅ መብት ሰጥቶታል፤ ከለከሉኝ የሚል ሰውም ለእንባ ጠባቂ ተቋም አቤት ማለት ይችላል። ቀደም ባሉት ዓመታትም የወረዳ በጀት በሰሌዳ ላይ መለጠፍ ተጀምሮ ነበር። ጉድለቱ ሰሌዳው ፊት ቆሞ «ይህ ብር የት ገባ?» የሚል ሰው አለመብዛቱ ነው።

ፓርቲያችን የሚገባው ውል

በመሆኑም ፓርቲያችን የሚከተሉትን 6 ነጥቦች የዚህ ማኒፌስቶ አካል አድርጎ በፊታችሁ ይፈርማል።

1. በፓርቲያችን ስም የሚመረጥ ማንኛውም የፓርላማ ወይም የክልል ምክር ቤት አባል በዓመት ሁለት ጊዜ ወደ መረጠው ሕዝብ መጥቶ፣ በግልጽ ስብሰባ፣ በየትኞቹ ሕጎች ላይ እንዴት ድምፅ እንደሰጠ ሪፖርት ያቀርባል። ጥያቄ የሚያቀርቡ ሰዎች አስቀድመው አይመረጡም።

2. ሕዝብ እምነት ያጣበትን ተመራጭ የሚያነሣበት ሥርዓት ተራ መራጭ ሊረዳውና ሊጠቀምበት በሚችል መልኩ እንዲሻሻል የሕግ ረቂቅ እናቀርባለን። እስከዚያው ግን የእኛ ተመራጭ በሕዝብ ፊት ሪፖርት ለማቅረብ ሁለት ጊዜ ከቀረ ፓርቲው ከአባልነት ያሰናብተዋል።

3. የወረዳና የከተማ አስተዳደር በጀትና ወጪ በየሩብ ዓመቱ ሕዝብ በሚያነበው ቋንቋና ቦታ እንዲለጠፍ፣ የኦዲት ግኝትም ለምክር ቤቱ ብቻ ሳይሆን ለነዋሪው እንዲነበብ እንታገላለን።

4. ማንም ሰው፣ ገበሬ ይሁን የከተማ ነዋሪ፣ ከመሬቱ ወይም ከቤቱ ከመነሣቱ በፊት ምክንያቱ በጽሑፍ እንዲነገረው፣ ተገቢው ካሣ አስቀድሞ እንዲከፈለውና ነፃ ፍርድ ቤት የመጨረሻውን ቃል እንዲናገር እንሠራለን። ሰውን በቀድሞ ሹመቱ ወይም በአባቱ ሹመት ስም ለጥፎ መብቱን መቀነስ በማንኛውም መንግሥት ዘመን እንዳይደገም በሕግ እንዘጋለን።

5. አዲስ ግብር ወይም የግብር ጭማሪ ከመታወጁ በፊት ረቂቁ ለነጋዴው፣ ለደመወዝተኛውና ለባለ ይዞታው ቀርቦ እንዲመከርበት እንጠይቃለን።

6. የጸጥታ ኃይል በሲቪል ሰው ላይ ለሚፈጽመው ጥፋት ያዘዘውም የፈጸመውም በግልጽ ችሎት እንዲጠየቅ፣ ለተጎዱ ቤተሰቦችም መልስ እንዲሰጥ እንታገላለን። ይህ የበቀል ጥያቄ አይደለም። በ1960 ዓ.ም. ያልተጠየቀው ጥያቄ እንደገና ሳይጠየቅ እንዳያልፍ ነው።

ብንመረጥ ሁሉን በአንድ ቀን እንፈጽማለን ብዬ አልዋሻችሁም። በፓርላማ ውስጥ ጥቂት ብንሆን ሕግ የማውጣት አቅማችን የተወሰነ ነው። የመጀመሪያው ነጥብና የሁለተኛው ነጥብ ሁለተኛ ክፍል ግን የማንንም ፈቃድ አይጠይቁም። በገዛ እጃችን ናቸው። እነርሱን ካልፈጸምን ቀሪዎቹን አንፈጽምም ማለት ነውና በእነርሱ ፍረዱን።

የእናንተ ድርሻ

ውል ሁለት ወገን አለው። ስለዚህ እናንተንም የምጠይቃችሁ ነገር አለ። በመጀመሪያ በመራጭነት ተመዝገቡ፤ ካርዳችሁን ለማንም አሳልፋችሁ አትስጡ። ሁለተኛ፣ ማንኛውም ዕጩ፣ የእኛም ዕጩ ቢሆን፣ ደጃችሁ ሲመጣ እነዚህን ጥያቄዎች ጠይቁት፦ ከተመረጥህ የት እናገኝሃለን? በየስንት ጊዜው ትመጣለህ? ፓርቲህ የሚለውና እኛ የምንለው ሲጋጭ ምን ታደርጋለህ? ያልፈጸምኸውን ነገር በአደባባይ ታምናለህን? መልሱን ጻፉት፤ ቀኑንም መዝግቡት። ሦስተኛ፣ የድምፅ መስጫው ቀን ካለፈ በኋላ ወረቀቱን አትጣሉት። ዕድራችሁ ሲሰበሰብ፣ የንግድ ማኅበራችሁ ሲሰበሰብ ወረቀቱን አውጡና «ይህ ሰው ያለውን አደረገ ወይ?» ተባባሉ።

ይህን የምናገረው ለፓርቲያችን ድምፅ ለማግኘት ብቻ አይደለም። ድምፃችሁን ለሌላ ፓርቲ ብትሰጡ እንኳ ያን ፓርቲ በዚሁ ሚዛን መዝኑት። ሌላ ፓርቲ መርጣችሁ ብትጠይቁት ይሻለኛል፤ እኛን መርጣችሁ ዝም ከምትሉን። ዝም የተባለ መንግሥት፣ የእኛም ቢሆን፣ መበላሸቱ አይቀርምና።

ወገኖቼ፣ ንጉሥ አይከሰስም የሚባልበት ዘመን አልፏል። ዛሬ በፊታችሁ የሚቆመው ሹም የእናንተ ወኪል ነው። ውክልናውን የሰጠው የእናንተ እጅ ነው፤ የሚሽረውም ያው እጅ ነው። አባቶቻችን ጭብጧቸው ያለ ፍርድ ሲወሰድ ያዘኑትን ሐዘን ለልጆቻችን አናውርስ። የምናወርሳቸው የሚጠየቅ መንግሥትና የሚጠይቅ ሕዝብ ይሁን።

ሥልጣን የሕዝብ ነው! ተመራጭ ተጠያቂ ነው!
ኢትዮጵያ በልጆቿ ነፃነትና እኩልነት ለዘላለም ትኑር!
እግዚአብሔር አገራችንንና ሕዝቧን ይባርክ!